የጠመኔ ዓሣ

አባቴ ሐኪም ነበር፣ የፉርጎ እግር መርማሪ፣
በድሬ ባቡር ግቢ፣ መዶሻ ይዞ አዳሪ።
አንዴ መታ ያደርግና ጆሮውን ይጥላል፤
«ጤነኛው እንደ ደወል ነው፤ የተሰነጠቀው ያስላል።»
ለጤነኛው በጠመኔ አንዲት ክብ ይስላል፤
የሚያስለውን ግን ዝም ብሎ ያልፋል፣
ኋላ ሼፉን ጠርቶ በጣቱ ያሳያል።

እኔ ስንጥቁን አልሰማም።
እኔ የምሰማው መሄዱን ነው።

ከከተማው ጫፍ፣ ወደ ሽንሌ፣ ሐዲዱ በሚታጠፍበት፣
ባቡሩ እንደ እርጉዝ ግመል እግሩን በሚጎትትበት፣
ሮብሌና እኔ በሆዳችን ተኝተን አሸዋው ላይ፣
የመጨረሻው ፉርጎ መብራት ጨለማ እስኪውጠው ስናይ፣
ነገ እንላለን። ነገም፣ ነገ።
ትምሩ ኪሳችን ውስጥ አረጀ።

ሮብሌ ባሕር አላየም፤ እኔም አላየሁም።
የምናውቀው ውሃ ደቻቱ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ፣ የኳስ ሜዳችን፣
ሲመጣ በሌሊት የሚመጣ፣ ቤት ይዞ የሚሄድ ሌባችን።
«ባሕር ግን ባለበት ይቆያል አሉ» አለኝ፣
«ቆሞ የሚጠብቅ ውሃ! ይሄን ሳናይ ልንሞት ነው?»

አባቴ ባቡር ላይ የሚንጠለጠል አይወድም።
ከሐዲዱ መሃል አንድ ጫማ አንስቷል በእጁ፣
እግሩ ውስጡ ሆኖ።
ይህን አንዴ ብቻ ነገረኝ፣ ራት ላይ፣
ጉርሻውንም ወደ ትሪው መለሰ።

በዚያች ሌሊት ዘለልን።
ሮብሌ ፊት፣ እኔ ኋላ፤ መሰላሉ መዳፌን ላጠው፣
የቀኑ ፀሐይ ከብረቱ ገና አልወጣም።
ጭነቱ ከብት ነበር፤ አፍንጫቸውን በፍርግርጉ አውጥተው
እንደ ዘመድ አሸተቱን።
ጣራው ላይ ተጋደምን። ግራሩ ይሮጣል፣ ኮከቡ ቆሟል፣
የድሬ መብራት አንድ እፍኝ አክሏል፤
ሮብሌ ሳቀ፣ ነፋስ አፉን ሞላው፣
ሳቁን ከፊቱ ነጥቆ ወደ እኔ ወረወረው።
ነጻነት የምትሉት ይሄ ከሆነ፣ እንግዲህ ይሄ ነው፦
የት እንዳለህ እናትህ አታውቅም፣
አንተም አታውቅም፣
ብረቱ ብቻ ያውቃል።

እኔ ሽንሌ ላይ ወረድኩ።
አዎ፣ ሽንሌ። እዚህችው። ሳቁ።
ከሥሬ የፉርጎው እግር ሲያስል የሰማሁ መሰለኝ፤
የአባት ጆሮ ለካ ይወረሳል።
ሮብሌ አልጠራኝም፤ እጁንም አላነሳ።
በእግሬ ተመለስኩ፣ አግዳሚውን ብረት እየቆጠርኩ፤
ሺህ ላይ ተሳሳትኩና ከአንድ ጀመርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ጨው ጭኖ በመጣ ፉርጎ በር ላይ
በጠመኔ የተሳለ ዓሣ አየሁ።
ጅራቱ ጠማማ፣ ዓይኑ የበሬ፤ ሮብሌ ሥዕል አይችልም።
ግን ዓሣ ነው፤ ዓሣ ያየ ሰው ዓሣ።
ከዚያ ወዲያ ስንዴ ቢመጣ፣ ስሚንቶ ቢመጣ፣
ዓይኔ በሩ ላይ ነው፣ ዓሣው ቢቀር ቢመጣ።
አንዴ ሁለት ሆነው መጡ፤
አገባ ይሆን እያልኩ ከረምኩ።

አባቴ የልጆችን ጽሑፍ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋል፤
«የፉርጎ በር ሰሌዳ ነው እንዴ?» ይላል።
ዓሣውን ዘለለው።
ስለ ሮብሌ አልጠየቀኝም፤ ስለዚያች ሌሊትም፤
የተላጠ መዳፌን ግን አይቷል፣ ቅቤ ቀብቶልኛል፣ ዝም ብሎ።
አንድ ማለዳ ቁርሱን ሳደርስለት
ወደ ባሕር ሊመለስ በቆመው ፉርጎ፣
ከዓሣው ጎን፣ በራሱ ጠመኔ፣
አንዲት ክብ።

አሁን ባጃጅ አለኝ።
ሰው ወደ አዲሱ ጣቢያ አደርሳለሁ፣ ከከተማ ውጭ፤
በሩ በራሱ የሚዘጋ፣ ጣራው ሰው የማያውቅ ባቡር።
ጥሩ ባቡር ነው፤ ምኑን አማለሁ።
የድሮው ሐዲድ አስፋልቱን በሚያቋርጥበት ግን
እቆማለሁ። ግራ አያለሁ፤ ቀኝ አያለሁ።
ፍየሎች መሃሉ ላይ ተኝተዋል።
«ምን ትጠብቃለህ?» ይሉኛል ከኋላ፣
«ኧረ ንዳው፤ ባቡሩ ሊያመልጠን ነው!»